ሳይፈላ የጠጣሁት ወተት

የመጀመሪያውን ምልክት ያገኘችው የባሌ እህት ሙሉ ናት። የመስከረምን ፀሐይ እየሞቅን ጸጉሬን ስትሠራኝ ጣቷ ከግራ ጆሮዬ ሥር ቆመ።

«ጠጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አለችኝ።

እኔም ዳበስሁት። ሽምብራ የምታህል፣ ሲነኳት የምትንሸራተት እብጠት ነበረች። አታምም። «ንፍፊት ነው፤ ጥርስሽ ይሆናል» ብላ ሹሩባውን ጨረሰችልኝ። እኔም ረሳሁት።

ያን ጊዜ አድማሱን ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ ወደ ወረታ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሰፈር ነው። በክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ይነሣል፤ ከብቱም ይጠግባል። ያን ወራት ወተት እንደ ልብ ነው። አማቴ ወይዘሮ የሺ፣ እኔ እሜቴ ነበር የምላቸው፣ ዳማ የምትባለውን ላም አልበው ገና ትኩሱን፣ አረፋው ሳይበርድ፣ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ለሙሽራ የሚደረግ ክብር ነው። በዚያ ክረምት ወባ ጥሎኝ ስለነበር ደግሞ «ወተት ነው የሚያነሣሽ» ይሉኝ ነበር። ከፍቅር የመጣ ነው። ዛሬም የማስበው እንዲያ ነው።

ኅዳር ሲገባ እብጠቷ እንቁላል አከለች። ከሥሯ ሌሎች ተከተሉ። ማታ ማታ ትኩሳት ይይዘኛል። ሲነጋ ልብሴ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። እህል አስጠላኝ። ቀሚሴ ሰፋኝ።

መድኃኒት አዋቂ ተጠራ። ብረት አግሎ አንገቴን ተኮሰኝ። ጮኽሁ። እብጠቱ ግን አልጠፋም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈነዳ። እንደ አይብ የሚፈረካከስ፣ ቢጫ ነገር ወጣው። አልደረቀም። እሜቴ ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውኃና በጨው ያጥቡልኝ ነበር። ፊታቸውን አንድም ቀን አላዞሩም።

ዘመድ ግን መነጋገር ጀመረ። የአድማሱ አጎት፣ ቀኛዝማች የሚባሉት፣ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው እኔ እየሰማሁ እንዲህ አሉ፦

«ልጅቱ ወደ እናቷ ቤት ትሂድና እዚያው ትታመም። ከዳነች ትመለሳለች።»

ካልዳነች ምን እንደሚሆን አልተናገሩም። አድማሱ ዝምተኛ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን መለሰላቸው። «አባባ፣ የታመመችው እኔ ቤት ነው። እኔው አሳክማታለሁ» አለ።

በገበያ ቀን በበቅሎ አድርጎ ወረታ ወሰደኝ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ቤት ነበር፤ ውስጡም አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ሠራተኛ። አንገቴን በሁለት በኩል ዳበሰ፤ ብብቴንም አየ። ሌሊት ያልበኝ እንደሆን ጠየቀኝ። ከዚያ ለአድማሱ፦

«ይኸ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ጎንደር ሆስፒታል ውሰዳት። ዛሬ ነገ አትበል» አለው።

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወጣን። ከዚያ በፊት ጎንደርን አላየሁም። መንገዱን ሁሉ ሞት የሚወስደኝ እየመሰለኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሄድሁ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ሲስተር በላይነሽ የምትባል ነርስ ታስተረጉምልን ነበር። ደረቴን ራጅ አነሡኝ። ከአንገቴ በመርፌ ቀዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አስተኙኝ። ከዚያ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«የዕጢ ቲቢ ነው» አለ። «ሳምባሽ ንጹሕ ነው። ትድኛለሽ። ሕክምናው ግን ረጅም ነው።»

ካለው ሁሉ ያዳመጥሁት አንዱን ቃል ነው። ትድኛለሽ ያለውን።

ቀጥሎ ስለ በሽታዬ ይጠይቀኛል ስል ስለ ምግቤ ጠየቀኝ። ወተት እንዴት እንደምጠጣ። እንደታለበ ነው አልሁት። ከላሞቻችን የከሳች፣ የምታስል ትኖር እንደሆን ጠየቀኝ። ዳማ ትዝ አለችኝ። ብትበላ ብትበላ አጥንቷ የሚቆጠር፣ ጠዋት ጠዋት አንገቷን ዘርግታ የምታስል። በሽታው ከላም ወደ ሰው በጥሬ ወተት እንደሚተላለፍ፣ እሳት ግን ጀርሙን እንደሚገድለው ያን ዕለት ሰማሁ።

«አድማሱም ያንኑ ወተት ነው የሚጠጣ፤ እኔ ብቻ ለምን?» አልኋት ሲስተሯን።

«ሰውነታችን የራሱ ዘበኛ አለው» አለችኝ። «ጀርም ሲገባ የሚይዘው እሱ ነው። አንቺን ግን ወባ አዳክሞሽ ነበር። ዘበኛ ካልበላና ካላረፈ አይነቃም። ለዚህ ነው እንቁላሉን ብዪ የምልሽ።»

ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ በየቀኑ ይወጉኝ ጀመር። ኪኒንም ነበረው፤ አይሶናያዚድ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት። ሽታው ከአፍንጫ አይወጣም። አፍንጫዬን ይዤ እውጠው ነበር። እንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ ጉበት ሲገኝም ጉበት አበሉኝ።

መርፌው እየበዛ ሲሄድ ጆሮዬ ይጮኽ፣ ቆሜ ስሄድ ግድግዳው ይዞር ጀመር። ለመናገር ፈራሁ፤ መድኃኒቱን ይነፍጉኛል ብዬ። ሲስተር በላይነሽ ግን አካሄዴን አይታ አወቀች። ሐኪሙ መርፌውን አራርቆ ሰጠኝ፤ የዞረውም ቀስ በቀስ ተወኝ። ታማሚ የሆናችሁ፣ እንዲህ ያለውን ደብቃችሁ አትያዙ።

ትኩሳቱ ሄደ። ቁስሉ መጥበብ ጀመረ። የካቲት ላይ ኪኒኔን በከረጢት ይዤ ወደ ቤቴ ተላክሁ። ቀሪውን ከወረታው ድሬሰር እየተቀበልሁ፣ አልፎ አልፎ ጎንደር እየታየሁ፣ ከዓመት በላይ እንድውጥ ታዘዝሁ።

ቤት ስደርስ ዐቢይ ጾም ገባ። ይኼኛው ፈተና ከመርፌው ይብስ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም። እንቁላልና ወተት በሁዳዴ እንዴት ይበላል? ኪኒኑን በባዶ ሆዴ እየዋጥሁ በሽሮና በጎመን ብቻ ሰነበትሁ፤ ጉልበቴም መልሶ ይከዳኝ ጀመር። እሜቴ ይህን አይተው ሳይነግሩኝ የንስሐ አባቴን አባ ተክሌን ጠሩ። አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጠየቁኝ።

«ሐኪሙ ምን ብዪ አለሽ?»

ነገርኋቸው። የዓሣውንም ዘይት ሳይቀር።

«ጾም ለበረታ ሰው ነው የታዘዘ፤ ለታመመ አይደለም» አሉ። «እንደ መድኃኒት ውሰጂው። የሚጠይቅሽ ቢኖር አባ ተክሌ ፈቅደዋል በዪ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ፤ እኔም ያን ጊዜ አልምርሽም።»

ከሕመሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው። እሜቴ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ አንዲት ድስትና አንድ ዋንጫ ለብቻዬ ለዩልኝ።

ወተቱን በማፍላት ግን አልተስማማንም። «ወተት እሳት ካየ የላሟ ጡት ይደርቃል» አሉ እሜቴ። «እኛን ያሳደገን ጥሬው ነው።» የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነበር። አድማሱ እናቱን መጋፈጥ አልፈለገም፤ የእኔን ድርሻ ግን ከእርሻ ሲመለስ ራሱ እሳት ላይ ይጥደው ነበር። ወንድ ምድጃ ሥር ቁጭ ሲል ያየ ጎረቤት ይስቅበታል። እሱ ዝም ብሎ ያማስላል። ሌላው ቤተሰብ ጥሬውን መጠጣቱን ቀጠለ። ሙሉም፣ የቤቱ ትንንሽ ልጆችም።

ከፋሲካ በኋላ እግሬ ውስጥ እሳት ገባ። ውስጥ እግሬ ይቃጠላል፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አድማሱ ይፋግ ገበያ ሄዶ ቀይ ሽሮፕ በጠርሙስ ገዝቶ መጣ። ነጋዴው ቫይታሚን ነው፣ ደም ይሠራል፣ ይህን የጠጣ ሌላ መድኃኒት አያሻውም ብሎታል። አድማሱ እኔን ለማዳን የማያደርገው የለም፤ ዐይኑ ውስጥ ተስፋውን ሳይ ልጠጣው ምንም አልቀረኝ። ሆኖም ሳልከፍት ለድሬሰሩ አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ማን እንደበጠበጠው እንኳ አልተጻፈበትም» አለ። «አስቀምጪው። ስለ እግርሽ ግን ሐኪሙ ይወቅ።»

ጎንደር ሄድሁ። ሐኪሙ እግሬን በመርፌ ጫፍ እየነካ መረመረኝና ትንንሽ ነጭ ኪኒን አዘዘልኝ።

«የቲቢው ኪኒን ቫይታሚን ቢ-6 የሚባለውን ከሰውነትሽ ያሟጥጠዋል» አለ። «እሱን እንተካለን። ቫይታሚን ግን ቲቢን አይገድልም። በአንዱ ምክንያት ሌላውን እንዳታቆሚ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እግሬ በረደ። ቀዩን ጠርሙስ አድማሱ ራሱ ሜዳ ላይ ደፋው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዳማ ወደቀች። ሳትሞት ትታረድ ተባለና ጎረቤት ለቅርጫ ተሰበሰበ። ቢላው ተሳለ፤ ቅጠሉ ተነጠፈ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። ላሚቱ ስትከፈት አራጁ እጁን ሰበሰበ። ሳምባዋ በእባጭ ተሞልቷል። አንዱን ሲሰነጥቀው ቢጫ፣ እንደ አይብ የሚፈረካከስ ነገር ወጣ።

እሜቴ ቀረብ ብለው አጎንብሰው አዩት።

«ይህን አውቀዋለሁ» አሉ። «ከዚች ልጅ አንገት ስጠርገው የከረምሁት ነው።»

«ሳምባውን ጥለን ሥጋውን ብንወስድስ?» አለ አንዱ ጎረቤት። «ሲቀቀል ምን ይሆናል?»

«ላሟ የእኔ ናት። ይህን አላበላችሁም። ጉድጓድ ቆፍሩ።»

ጎረቤቱ አጉረመረመ። ክረምት መግቢያ ነው፤ ጎተራው ጎድሏል፤ ሥጋ መቅበር ቀላል አልነበረም። ቀኛዝማች አጎት፣ ወደ እናቴ ቤት እንድሄድ ያሉት ሰውዬ፣ ብዙ ካሰቡ በኋላ መቆፈሪያውን መጀመሪያ ያነሡት እሳቸው ናቸው። ውሻ እንዳያወጣው እሾህና ድንጋይ ጫኑበት።

በማግስቱ ጠዋት እሜቴ የሌላይቱን ላም ወተት አልበው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጣዱት። እንዲገነፍል እየጠበቁ አጠገቡ ቁጭ አሉ። «እስቲ ጡቷ ይደርቅ እንደሆን እናያለን» አሉ። አልደረቀም። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሣር ሲያወጣ፣ ያቺ ላም ከወትሮዋ አላነሰችም፤ የሰፈሩም ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ አይተው ይመለሱ ጀመር፤ ጥቂቶቹም ቤታቸው ገብተው ድስት ጣዱ።

እኔም ቀስ በቀስ ወደ ራሴ ተመለስሁ። መጀመሪያ የራበኝ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ሙሉ የጠበሰችውን የሽምብራ እሸት ከእጇ ነጥቄ በላሁ፤ ከዚያ ውኃ መቅዳት፣ ከዚያ አረም መንቀል፣ ከዚያም በሁለተኛው ዓመት መኸር ከአድማሱ ጎን ሆኜ ጤፍ ማጨድ ቻልሁ፤ ቀሚሴም ጠበበኝና ሙሉ ጎኑን ፈትታ አሰፋችልኝ። ኪኒኑን ስጨርስ ሐኪሙ አንገቴን ዳብሶ «ከእንግዲህ ወደዚህ የምትመጪ ልጅሽን ለማስከተብ ይሁን» አለኝ። እንዳለውም ሆነ።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ከእሜቴም ከአድማሱም በኋላ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያላባረሩኝን፣ ቁስሌን ያጠቡልኝን፣ ጾሜን የፈቱልኝን፣ አካሄዴን አይታ ሕመሜን ያወቀችልኝን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልኝ፤ በሕይወት ያሉትንም ዕድሜ ይስጥልኝ።

እናንተ ይህ ደዌ ቤታችሁ የገባ፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ የማታ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካያችሁ ብረት አታግሉ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወተቱን አፍሉት፤ የታመመ ከብት ሥጋ ቢያሳሳም ተዉት። ለታመመው ጥሩ ምግብ አብሉት፤ ቫይታሚን ቢታዘዝለት ይውሰድ፤ የሚያድነው ግን ሐኪሙ የሰጠው መድኃኒት ነው። አንድ ቀን ደህና ነኝ ብላችሁ ትነቃላችሁ፤ ጉልበታችሁ ይመለሳል፤ ኪኒኑም ትርፍ ይመስላችኋል። ያን ጠዋትም ዋጡት።