የቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ

የመጨረሻዋ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ስልኬን ትቀማኝና የኮሪያ ድራማ ትከፍታለች። ወረታ ያሉ እኩዮቿ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የእናቷን ኩል ሰርቃ የዓይኗን ጫፍ ወደ ጆሮዋ ስታስረዝም መስታወት ፊት ደረስኩባት። «አባዬ፣ እንደ እሷ ጠበብ አለልኝ?» አለችኝ። ከስልኩ ግርጌ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲፈጥንባት ደግሞ «ምን አለች?» ትለኛለች። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና እነግራታለሁ። በጉብዝናዬ ዘመን ይህንኑ የሚጠይቀኝ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ነበር።

ቤቱ ቪዲዮ ቤት ነው። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከዋናው አስፋልት በሚገነጠልበት በኩል፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ገብተህ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣለህ። የላብ፣ የሎሚ ልጣጭና ከገበያ የመጣ ዓሣ ሽታ አለው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ ስለምችል ባለቤቱ ጋሼ ፈንታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆሙኝ። ከታች የተጻፈውን እያነበብኩ በአማርኛ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ያልገባኝን ከራሴ ፈጥሬ እሞላለሁ። ተመልካቹ ፊልሙን ሳይሆን እኔን ሊሰማ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ትዕቢቴ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነበር።

ስለ ፊልም የነበረን ዕውቀት በአንድ አባባል ያልቃል፦ ሕንድ ያለቅሳል፣ ቻይና ይማታል። ጃፓን ሆነ ኮሪያ፣ ዓይኑ ከጠበበ ቻይና ነው። ዓይኑ የጠበበ ሰው ደግሞ ወይ እየተራገጠ ነው፣ ወይ ሊረገጥ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ እራቱን ሲበላ፣ ጉንፋን ይዞት ሲተኛ፣ ሰው ወዶ ሲጨነቅ አይተን አናውቅም። ይህ ነገር ጎደለኝ ብዬም አላውቅ፤ የጎደለው ዓይናዲስን ነው።

ዓይናዲስ የክፍል ጓደኛዬ ናት። አንደኛ እሷ ትወጣለች፣ ሁለተኛ እኔ። ዓይኖቿ ጠባብና ረዣዥም ነበሩ፤ ስትስቅ ጨርሰው ይጠፋሉ። ቻይናዎቹ የደብረ ታቦርን መንገድ በግሬደር እየደለደሉ ሲሠሩ እናቷ ካምፓቸው ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏን ወባ እንደገደለባት እናትየዋ ትናገራለች፤ ከተማው ግን ለልጅቱ የራሱን አባት ሰጥቷት ጨርሷል። ለዚህም አንዲት ስም ነበረችው፦ የግሬደር ልጅ። ያኔ ይህች ስም ገና በሹክሹክታ ነበረች፤ ፊት ለፊት የደፈረ አልነበረም።

እኔንና እሷን ያቀራረበን መጽሐፍ ነው። ሽፋናቸው የረገፈ የፍቅር ልብ ወለዶችን እንዋዋስ ነበር፤ እሷ በጋዜጣ ለብጣ ትመልሳቸዋለች። ጀግናው በመጨረሻ ሲሞት እኔ ደስ ይለኛል፣ እያለቀስኩ እዘጋዋለሁ። እሷ ንዴቷ ነው። «ይች ሴትዮ ሥራ የላትም? ተነሥታ ብትሄድስ ምን አለ?» ትላለች። በዚህ ስንከራከር ከትምህርት ቤት ሰፈራችን እንደርስ ነበር። በጥር የሽንብራ እሸት ከነአገዳው ይዘን፣ እየፈለፈልን፣ በመስከረም ደግሞ የርብ ወንዝ ሜዳውን አጥለቅልቆት ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን።

አንድ ቀን የመለሰችልኝን መጽሐፍ ስገልጥ በእርሳስ የተሰመረበት አገኘሁ። የተሰመረው ስለ ሴቲቱ ዓይን የተጻፈው ሁሉ ነበር፤ ትልልቅ ዓይኖቿ፣ የሚንከባለሉ ዓይኖቿ፣ ሌላም ሌላም።

«ምነው፣ አበላሸሽው እኮ!» አልኳት።

«ሙሉቀን፣ እኔን የመሰለች የተወደደችበት መጽሐፍ አንብበህ ታውቃለህ?»

አላነበብኩም። እንዲህ ተብዬ ስጠየቅም የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አይደለም ከባሕር ዳር በስህተት አንድ ካሴት የመጣው? ጡጫ የለበትም፤ የፍቅር ፊልም ነው። ጋሼ ፈንታ የላከላቸውን ሰው ሲረግሙ ዋሉ። እኔ ጥቂት አይቼ በሩጫ ወደ ዓይናዲስ ሄድኩ። «ዓይኗ ቁርጥ ያንች ነው። ሰውየው ደግሞ ሊሞትላት ደርሷል» አልኳት። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት መግባት ነውር ነበር። ሁለት ቀን አሰበችበት። በገበያው ቀን ግን ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠች። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ይህን የምጽፈው ክፉ አስቤ እንዳልጠራኋት እንዲታወቅልኝ ነው። ቢታወቅልኝም የሚረባኝ የለም።

መጀመሪያ የተጻፈውን ሳላጎድል ተረጎምኩ። ልጅቱ ሻይ ታፈላለች፣ ደብዳቤ ትጠብቃለች፣ ዝናብ ይዘንባል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። «ኧረ ጠቡ መቸ ነው?» «ቀይሩልን!» ሦስት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ጋሼ ፈንታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «አስቃቸው እንጅ አንተ! ቤቱን ልታስፈታብኝ ነው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ከመሐል አንዱ «ይች የእኛዋን ዓይናዲስን አትመስልም?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝ።

ፊልሙ ውስጥ ልጅቱ መንገድ ዳር በዝናብ ቆማለች፤ ሰውየው በሌላ ስም ይጠራታል። እሷ ቀና ብላ አየችው፤ ከታች የተጻፈው «በስሜ ጥራኝ» ይላል። እኔ ድምፄን አቅጥኜ «የግሬደር ልጅ በለኝ! አባቴ መንገዱን ጨርሶ እኔን ጅምር ትቶኝ ሄደ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አግዳሚ ተደበደበ፣ ወጥተው የነበሩት በሩጫ ተመለሱ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ስህተት ነበር እል ነበር። አላቆምኩም። ሻይ ስታፈላ ለዶዘሩ ነው አልኩ። ስታለቅስ «እናቴ፣ ከካምፑ የትኛው ነው?» አስባልኳት። እስከ መጨረሻው ድረስ፣ የፊልሟን ልጅ አንዲት ቃል እንኳ በልኳ ሳልናገር፣ በሩ አጠገብ ያለችውን ነጠላ እያየሁ ቀጠልኩ።

አልወጣችም። ፊልሙ ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሰው ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ሮጥኩ። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ ሰዉ ከኋላችን «ድድድድ» እያለ የግሬደር ድምፅ ያወጣል።

«ዓይናዲስ፣ ለቀልድ እኮ ነው፤ ጋሼ ፈንታ ናቸው...»

«ከታች ያለውን ሳነብ ነበር» አለችኝ። ድምጿ ደረቅ ነበር። «ደህና ፊልም ነው። ተነሥታ ሄደች እኮ በመጨረሻ።» ከዚያም «መጽሐፍህን ሰኞ አመጣልሃለሁ» ብላ በአስፋልቱ ዳር ሄደች።

ሰኞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ግሬደር ተሥሎ ጠበቃት። መጽሐፌን በጋዜጣ ለብጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የአስተማሪው ጥያቄ ሲመጣ እጇን አወጣች፤ ከኋላ «ድድድድ» አሉ፤ እጇን መለሰች። እኔ አላልኩም። ዝም በሉም አላልኩም። በሳምንቱ ቀረች፤ ቀርታም ቀረች። መምህር መሆን የምትፈልገው እሷ ነበረች። በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣሁ። ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ ነኝ።

አምና የሩዝ አጨዳ ካለቀ በኋላ ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ሩዝ የት ልግዛ ብዬ ብጠይቅ አንድ ተሸካሚ «ከእትዬ ግሬደር ይግዙ፣ የእሳቸው ሩዝ ጠጠር የለውም» አለኝ። ቃሉ ውስጥ ስድብ አልነበረም፤ በአክብሮት ነው የተናገረው። ወዳሳየኝ ሄድኩ። ወፍጮው ደጃፍ የሩዝ ብናኝ ፀጉሯን አንጥቶት ቆማለች። አጠገቧ ዓይኗን የወረሰች ልጅ አለች፤ ሁለት ተማሪዎች «የድራማዋን ትመስያለሽ» እያሉ አብረዋት ፎቶ ይነሣሉ።

«ዓይናዲስ» አልኩ።

ሩዝ የሚያበጥረው ሠራተኛ ማን ተጠራ ብሎ ዞር ዞር አለ። የገዛ ልጇም ቀና አላለችም።

«ደህና ነህ ሙሉቀን» አለችኝ። «በዚያ ስም የምትጠራኝ እናቴ ነበረች። ካረፈች ቆየች።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ...»

«ተወው። ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እሷ ረስታ እንደሆን አላውቅም፤ ነገሩን አላስነካችኝም። ሃያ አምስት ኪሎ ጭኜ ተመለስኩ።

ትናንት ልጄ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል «አባዬ፣ ሩዙ እያለቀ ነው፤ የእትዬ ግሬደርን ነው የምትገዛው፣ እሽ?» አለችኝ።

«ዓይናዲስ ነው ስማቸው» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

«እሷ ደግሞ ማናት?» አለችኝና መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን አስጠጋችልኝ። «ቶሎ በል አባዬ፣ ሊያልፍ ነው፤ ምን አለች?»