መግሪብ ሳይል፦ ሮቦት ይዘን ጅቡቲ ደርሶ መልስ

ያን ለት ጠዋት ጀሪካን እየሞላሁ ነበር። ድሬዳዋ እኛ ሰፈር ውሃ በስንት ቀን አንዴ ነው የምትመጣው። ከመጣች ደግሞ እንግዳ አይታይም፣ ሻይ አይጣድም፣ የውሃ ማስተላለፊያ ጎማውን ይዞ መሮጥ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባ ልጇን ሀያትን አስከትላ ስትገባ ቀና ብዬም አላየኋት።

«እማማ አስካለ፣ ጎማውን ላንዴ ጣይው።»

«ውሃዋ ትሄድብኛለች። ተናገሪ፣ ጆሮዬ ባዶ ነው።»

«ሀያትን ላንቺ ልሰጥሽ ነው። አንቺ ከሄድሽ ትሄዳለች፣ ካልሄድሽ አትሄድም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀያትና የልጅ ልጄ ቤዛ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ ልጅ፣ ከሁለት ወንዶች ልጆች ጋር ሆነው ሮቦት ሠርተዋል። እኔ ሮቦት ሲሉ ሰው የሚመስል ነገር ጠብቄ ነበር። የጫማ ካርቶን የምታህል ባለጎማ መኪና ናት፣ ከፊቷ እንደ ሸርጣን ያለ እጅ አላት። ጥቁር መስመር እያየች በራሷ ትሄዳለች፣ ቆርቆሮ አንስታ ቦታው ታደርሳለች፣ ማንም አይነካትም። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት መልስ ግቢዬ ውስጥ ነጭ ሳንቃ ዘርግተው ተለማመዱ። ልብስ ማስጫ እንኳ አሳጡኝ። ቤዛና ልጆቹ ይገጣጥማሉ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚገባውን፣ ፕሮግራም የሚሉትን፣ የምትጽፈው ግን ሀያት ናት። የሮቦት ውድድሩ ማጣሪያ ጅቡቲ ነው። እዚያ ያለፈ ባሕር ማዶ ትልቁ ውድድር ይሄዳል።

ዘይነባ ለምን እንደምትፈራ ሰፈሩ ያውቃል። ትልቋ ልጇ ሰሚራ ጅቡቲ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ሄደች፣ ከዚያ በኦቦክ ወደብ በኩል በጀልባ ዓረብ አገር ተሻገረች ተባለ። ተባለ ነው እንጂ ድምጿን የሰማ የለም።

«መግሪብ ሲል፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ደጅ እንዳትገኝ። ቃል ግቢልኝ» አለችኝ።

«እንደሰጠሽኝ አመጣልሻለሁ። መግሪብ ደጅ አያገኛትም።»

እጄን ይዛ ሳመችው። ጀሪካኑ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ደወሌ

በሚያዝያ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወጣን። ያኔ አዲሱ ባቡር ሰው መጫን አልጀመረም። መንገዱም ገና እየተሠራ ነው፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። የልጆቹ አስተማሪ ሰለሞን፣ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ የፊዚክስ መምህር፣ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ሄደ።

ድንበሩ፣ ደወሌ ላይ፣ ፈታሹ ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦውን ሲያይ ወደኋላ አለ።

«ይሄ ምንድነው? ፈንጂ ነው?»

«ፈንጂ ብትሆን መንገዱ አፈንድቷት ነበር» አልኩት።

ሀያት ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈች፣ መኪናዋን አስቀመጠቻት። መኪናዋ መስመሯን ይዛ ሄዳ የሰውየውን የሻይ ቆርቆሮ አነሳች። ሰውየው እየሳቀ ባልደረቦቹን ጠራ። ማህተሙን ሲመታ፣ «አሸንፈሽ ካልመጣሽ በዚህ በኩል አላሳልፍሽም!» አላት።

ድንበሩን ተሻግረን፣ ከአሊ ሳቢህ ከተማ ወዲያ የመንገዱን ዳር ይዘው በእግር የሚሄዱ አሉ። ወደ ዓረብ አገር የሚሰደዱ የአገራችን ልጆች ናቸው። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው፣ በቢጫ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይዘው፣ ዛፍ በሌለበት ድንጋይ ላይ። አውቶቡሱ አቧራ ሲያለብሳቸው ዞር እንኳ አይሉም። ሀያት ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ሴቶቹን ሴቶቹን ታያለች። ምን እንደምትፈልግ ስለገባኝ አልጠየቅኳትም።

ጅቡቲ ከተማ

ፒካ ዱዝ የሚሉት የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ደግሞ ተፈትሸን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። ያረፍነው ካርቲየ ሁለት የሚሉት ሰፈር፣ ድሬዳዋ አብራኝ ያደገችው አሻ ዘንድ ነው። ማዕከላዊ ገበያ ዕቃ ትነግዳለች። ወንዶቹ ውጭኛው ክፍል፣ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ውስጥ። አሻ የየመኖቹን ዓሣ አስመጣች፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ የጠቆረ፣ ከሰፊ ቂጣ ጋር።

«አስካለ፣ በስተርጅና ተማሪ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ዘበኛ ነኝ» አልኳት።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን፣ በሰው አምሳ ፍራንክ፣ ሆዳን የሚባል ሰፈር ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው፣ ዛሬ መለማመጃ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ገና በጠዋቱ ላብ በጀርባ ይወርዳል። የየአገሩ ልጆች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው ተራ ይጠብቃሉ። መወዳደሪያው ሰሌዳ የኛን ሳንቃ አይመስልም፣ እንደ ታጠበ ሰሃን ያብለጨልጫል። ተራችን ደርሶ መኪናዋን ሲለቋት ሦስት አራት ክንድ ሄዳ መስመሩን ጣለችና ግድግዳ ገጨች። ደወል ተደወለ፣ ተነሱ ተባልን።

«ምን ሆነች?» አልኳት ሀያትን።

«ዓይኗ ነው እማማ። ነጸብራቁ ያሳስታታል። ነጭና ጥቁሩን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንደገና ማሳየት አለብኝ። ሌላ ቦታ አይሆንም።»

ሁለተኛው ተራችን ከምሳ በኋላ ነበር። ግን የጅቡቲን ቀትር የማያውቅ ብቻ ነው ከምሳ በኋላ የሚቀጥር። ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲገቡ ከተማው ሁሉ ይበተናል። የአዳራሹ ቁልፍ ያዥም ቆልፎ ሄደ። አስር ሰዓት ላይ ጉንጩን ወጥሮ ሲመለስ ደግሞ መብራት የለም። ተራው ሁሉ ወደኋላ ተንሸራተተ። የኛ ተራ ስንት ሰዓት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከመግሪብ በኋላ አሉን።

አሻ ዳቦና ውሃ ይዛልን መጥታ ነበር። ተነስቼ የሀያትን ቦርሳ አነሳሁ።

መምህሩ አመዱ ቡን አለ። «እማማ፣ እባክዎ። ያለ ሀያት ማናችንም አንችለውም። እርስዎም አብረዋት ይቀመጡ፣ እኔም አለሁ።»

«ቃሌ ብቻዋን አይልም። ደጅ ነው የሚለው።»

አሻ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «በይ ደውዪላት፣ እናቷን ጠይቂያት።»

«አደራ ተቀብዬ፣ ላፍርሰው ወይ ብዬ ልጠይቅ? ብጠይቃት በይሉኝታ እሺ ትለኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ግን ዓይኗ አይከደንም።»

ሀያት እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብላ ነው የተናገረችኝ። «እማማ፣ አንድ ሰዓት ብቻ።»

«ተነሺ ልጄ።»

«እኔ እኮ ሰሚራ አይደለሁም።»

እጇን ያዝኩ። ቤዛ የራሴ ናት፣ ለእሷ እኔው እፈርዳለሁ ብዬ ከመምህሩ ጋር ተውኳት። የአሻን በር ስንገባ አዛን ተሰማ። ሀያት ምንጣፉ ላይ ሰገደችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ለእራት የቀረበላት ዓሣ ሳይነካ አደረ።

ውድድሩ

ጠዋት ቤዛ ዓይኗ ቀልቶ ተነሳች። ማታ በግምት ቁጥር ሲቀያይሩ አምሽተዋል። ሀያት ኮምፒዩተሩን ከፍታ አየችና፣ «ይሄን ለምን ነካችሁት?» አለች። ለማስተካከል ሰሌዳው ያስፈልጋት ነበር፣ ሰሌዳው ደግሞ ለልምምድ ተዘግቷል።

ስማችን ተጠራ። መኪናዋ ደህና ተነሳች፣ አንዷን ቆርቆሮ አነሳች፣ የኛ ልጆች ጮኹ። በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ በሚያብለጨልጭበት፣ ስትታጠፍ ግን መስመሩ ጠፋባት። መዞር ጀመረች። ቆርቆሮዋን እንደያዘች ትዞራለች፣ ትዞራለች። ደንብ ነው፣ መንካት አይቻልም። ሀያት እጇን ኋላዋ አጣምራ ቆማ አየቻት፣ ደወሉ እስኪደወል። ዳኛው በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አላት፣ ደግ ፊት ነበረው። አላለፍንም። ወንዶቹ አለቀሱ፣ ቤዛ አለቀሰች። ሀያት መኪናዋን አጥፍታ ሳጥኗ ውስጥ ከተተቻት።

መልስ

ደወሌ ላይ ያው ፈታሽ ነበር። «እሺ፣ ፈንጂያችን እንዴት ሆነች?» አላት እየሳቀ። ፊቷን አዞረች። እሱም ሳቁን ትቶ ማህተሙን መታ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ ሀያት በመስኮት አላየችም።

ዘይነባ በር ላይ ቆማ ነበር። «አደራሽን ተረከቢ፣ አንድም መግሪብ ደጅ አላገኛትም» አልኳት። ልጇን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበሰቻት፣ አልሃምዱሊላህ አለች፣ እኔንም አቀፈችኝ። ያን ለት እኔን የሚያህል ሰው አልነበረም።

ቤዛ አሁን፣ ጉዞው ምን አስተማረሽ ብለሽ ጨርሺ ትለኛለች። ቃል መጠበቅ ከባድ ነው ብዬ አልልም፣ እሱ ቀላል ነው፣ ተነስቶ መሄድ ነው። ከባዱ የቃሉን ባለቤት መጠየቅ ነው። ሳንቃው ግቢዬ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ አሁን ልብስ ማስጫዬ ሰፊ ነው።

ከሰነበትን በኋላ ውሃ የመጣች ለት ዘይነባ ጎማ ልትዋስ መጣች። «ሀያት ምን ነካት? ያን ኮምፒዩተር አትነካም፣ ከሰው አትጫወት። ምን ሆናችሁ እዚያ?» አለችኝ። የማታውን ተራ፣ ቦርሳውን ያነሳሁትን፣ ስልኩን የመለስኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጎማው ከእጇ ወርዶ መሬቱን አራሰው፣ አላነሳችውም።

«እማማ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ብቻዋን እንዳትሆንብኝ ነው። አንቺ አጠገቧ ካለሽ፣ እስኪነጋስ ብትቀመጥ ምን ቸገረኝ?»