ምስሉን አጥፊው

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የካሳ ልጅ ለሥራ ዱባይ ልትሄድ ስትሰናዳ ቆቦ ወዳለው ቤቴ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ለኢንተርኔት ምን ይሻለኛል? ይህንኑ ሲም እዚያም እንዲሠራ ሮሚንግ ላስደርገው፣ በአሠሪዎቼ ቤት ዋይፋይ ልኑር፣ ወይስ እዚያው ሲም ልግዛ?» አለችኝ። ካሳ አጠገቧ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። እሱን ሳየው የድሮው ንዴቴ ተነሳብኝ።

ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ስሄድ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ደላላው «የያዝሽው ሲም እዚያም ይሠራል» ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ከአውሮፕላን ስወርድ ሞቶ ቀረ። ዋይፋዩ ደግሞ የአሠሪዬ የማዳም ነው። እሑድ እሑድ ትከፍትልኝና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ትዘጋብኛለች። ወለል እየወለወልኩ በሆዴ እረግማት ነበር፤ ዛሬም አልማርኳትም።

ኅዳር ሲገባ ካሳ አመል አወጣ። እናቴን አሳየኝ ስለው «ኔትዎርኩ ደካማ ነው፣ ምስሉን አጥፊው» ይለኛል። አባባስ ስል «ማሳ ነው» ይላል። ጥፋቱን በዋይፋዩ አሳብቤ የራሴን ሲም ላወጣ ቆረጥኩ። ፓስፖርቴን ማዳም ስለቆለፈችበት፣ ቆሻሻ ስጥል የማገኛትን የአገሬን ልጅ፣ የዋጃዋን አልማዝን በስሟ እንድታወጣልኝ ለመንኳት።

«ምን አስቸኮለሽ እህት ዓለም? በዋይፋዩ ቆዪ እንጂ» አለችኝ ዐይኗን ሰበር አድርጋ። ክፋት መስሎኝ ተቆጣኋት። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አመጣችልኝ።

በረንዳ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ካሳ ደነገጠ።

«እናቴን አሳየኝ» አልኩት።

«ወጣ ብላለች። ይልቅ ማሽላውን እይው፣ እንዴት እንዳማረ» ብሎ ስልኩን ወደ ማሳው አዞረው።

እውነትም አምሯል። መሀሉ ላይ የአባባ ማማ ቆሟል። ማሽላው ፍሬ ከያዘ ጀምሮ አባባ ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፉን ይዞ ከዚያ አይወርድም፤ ምሳውን እንኳ ወደ ላይ ነበር የምናቀብለው። ማማው ባዶ ነበር። ወፎቹ እህሉ ላይ እንደልባቸው ይወርዳሉ።

«ካሳ፣ አባባ መቼ ሞተ?» አልኩት።

አርባው ወጥቶ ነበር። ካሳ ምስሉን ያስጠፋኝ የነበረው እናቴን በጥቁር ልብስ እንዳላያት ኖሯል። ለሞተ ሰው በየሳምንቱ «ሰላም በሉልኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ ዕረፍት በወጣሁ ቀን ሰው ሰብስባ እንድታረዳኝ ለአልማዝ አደራ ብለዋት ኖሯል። እኔ ደግሞ ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ወጉን አልጠላውም፤ ሐዘንተኛን ከብቦና ደግፎ ማርዳት ደግ ነገር ነው። ግን ያ ወግ በሩ ለሚከፈትለት ሰው ነው። ያን ቀን ማልቀስ ሲገባኝ ስሳደብ ዋልኩ።

ይህንን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። ካሳ ቆሎውን አስቀምጦ፣ «ወጉ ነው። ነገም ቢሆን እሷንም በስልክ አናረዳትም» አለ።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«የራስሽን ሲም ግዢ» አልኳት። «አባትሽ ምስሉን አጥፊው ያለሽ ቀን ደግሞ እንዳታጠፊው።»