ያልዞረችው ሴት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ባለቤቴ ኪሮስ ሲቀበር የሰቆጣ ሰው ሁሉ «ሥራውን ዝናብ በላበት፤ እሱንም ሳንባው ገደለው» እያለ ሲያለቅስ፣ እኔም ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። ዝናብ አልበላውም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።

ኪሮስ የሥዕል መምህር ነበር፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ። አጭር የሥዕል ፊልም ይሠራ ነበር። አንድ በአንድ በእርሳስ ይሥላል፣ በስልኩ ያነሳል፣ ሥዕሎቹ ሲከታተሉ ሰዎቹ ይራመዳሉ። ታሪኩ ገና ባልመጣ ዘመን ነው፤ ተከዜ ደርቆ፣ አበርገሌ ሜዳ ላይ ውኃ የሚያድል የብረት ፍጡር ቆሟል። ከወረፋው ፊቱን ወደ ጎረቤቱ ያዞረ ውኃ ይከለከላል። የብረቱን እርምጃ ድምፅ ባዶ ጀሪካናችንን እየመታ ነው የቀዳው።

«ጀሪካኑን ከምትደበድበው ውኃ ብትሞላበት አይሻልም?» እለው ነበር። ይስቃል። የሠራውን እዪልኝ ሲለኝ ግን የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ አላየሁለትም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አልጋነሽ ጨው ልትዋስ ገብታ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ሥዕል አየች። ከላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ፤ የአገጬ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። በጎን ቆማለች። አንድ ዓይን ብቻ።

«ውይ እቴ! ባልሽ ከይሁዳ ጋር አሰለፈሽ እኮ!» ብላ ሳቀች።

ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ያየ ሕፃን ያውቃል። የሠዓሊ ልጅ ይህ ይጠፋዋል? ደሜ ፈላ። ክምሩን እስከ ታች አላገላበጥኩም። ምን ይከብደኝ ነበር? እጄ ለማገላበጥ ሰንፎ ለማቃጠል እንዴት በረታ? እሷ እንደወጣች ሁሉንም ምድጃ ከተትኩት።

ሲመጣ ጣሪያው አንጠባጥቦ አበላሸው፣ ጣልኩት አልኩት። ጠዋት ካፊያ ወርዶ ነበር፤ እሱን ምስክር አደረግሁ።

«ለማሽላው እምቢ ያለ ዝናብ ለእኔ ወረቀት መጣ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «መጨረሻው ነበር እኮ። ገና በስልክ አላነሳሁትም። ከኋላሽ ላለች አሮጊት ውኃሽን ልትሰጪ ትዞሪያለሽ። ያኔ ሁለተኛው ዓይንሽ ይወጣል። አንቺን አይተው ሁሉም ይዞራሉ።»

እውነቱን ልናገር ስችል፣ እግሩ ላይ ልወድቅ ስችል፣ ተነስቼ እራት አቀረብኩ። እንደገና ሊሥለው ሞከረ፤ ሳሉ እርሳሱን ከእጁ ያስጥለው ነበር። አልጋ ከያዘም በኋላ አልነገርኩትም። በሰላም ይሙት ብዬ ነው? አይደለም። ፈርቼ ነው።

ስልኩ እኔ ዘንድ ነው። አሁን፣ ሊያሳየኝ ይለምነኝ የነበረው ሰው ከሞተ በኋላ፣ ፊልሙን አያለሁ። ብረቱ ይራመዳል፤ ጀሪካናችን ይጮኻል፤ እኔ በጎን ቆሜ አንድ ዓይኔን ወደ ውኃው አፍጥጫለሁ። እዚያ ላይ ይቆማል።

ተቆጥታ ነው፣ ሳታውቅ ነው ብላችሁ አታመካኙልኝ። እሱ ሁለት ዓይን ሰጥቶኝ ነበር። ያቺን ሴት በአንድ ዓይን ያስቀረኋት እኔ ነኝ።