ወጌሻ ነክቶታል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። በየዓመቱ በጾም መግቢያ "የቀረ ነገር አለ?" ብለው ሲጠይቁኝ "የለም አባቴ" እላለሁ። ከዚያ መስቀሉን ስሳለም ከንፈሬ ይቀዘቅዛል። አሁን የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። ዝም ማለቱ ከመናገሩ ይልቅ ስላስፈራኝ ነው።

ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ረዳት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ረዳት ማለት ባለሙያው ያዘዘውን እንቅስቃሴ በሽተኛውን የሚያሠራ ሰው ነው። ያልታዘዘውን አያሠራም፤ የታዘዘውንም ከልኩ አያሳልፍም። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ እንዳላመልጥ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ።

የኔታ የአቋቋም መምህር ነበሩ። በሰኔ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ቀኝ ክርናቸው ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታ ክርኑ ግትር ብሎ ቀረ። ጽናጽል የሚይዙበት፣ የሚያማትቡበት እጅ ነው። ባለሙያው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነበር። ካርዳቸው ላይ "በራሳቸው ያንቀሳቅሱ፤ በግድ እንዳይሳብ" ብሎ ጻፈ። ለእኔም በቃል ነገረኝ። ክርን በግድ ሲሳብ ውስጡ ይደማል፤ የደማው ቦታ ደግሞ አጥንት ያበቅላል። "ወጌሻ የሚያበላሸው እንዲህ አድርጎ ነው" አለኝ።

ከዚያ እሱ ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደ። ቡሄ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

"ይህ ክርን ሰነፍ ተማሪ ሆኗል" አሉ የኔታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። "ካልቆነጠጡት አይገባውም።"

"ቀስ እያለ ይመጣል፣ የኔታ።"

"ቀስ እያለማ ቡሄም ያልፋል! ልጄ፣ አንቺ እኮ ያ ልጅ ሳይወለድ ጀምረሽ ስታሺ የኖርሽ ነሽ። እሱን ምን ትጠብቂዋለሽ?"

ይህን ሲሉ ደስ አለኝ። አዝኜላቸው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አዝኜ ነው? አይደለም። ረዳት፣ ረዳት መባል ሰልችቶኝ ነበር። ልጁ ሲመለስ የታጠፈ ክርን ላሳየው፣ ያለ እሱም እንደምችል እንዲያይ ፈልጌ ነበር።

ክርናቸውን ያዝኩ። "አይዞዎት" አልኩና ገፋሁ። ጥርሳቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ገፋሁ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

"ደህና ነው፤ ሲላቀቅ ነው" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ክርናቸው አብጦ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ባለሙያው በማግስቱ ይመለሳል። በካርዱ መጀመሪያ ላይ "ወጌሻ ነክቶታል ወይ?" የሚል ጥያቄ አለ። በመጀመሪያው ቀን መልሱን "አልነካውም" ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ። አሁን ከታች፣ በዕለቱ መስመር ላይ፣ "ወጌሻ ነክቶታል" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል ነው። ስጽፈው እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ሳስበው የሚያስፈራኝ ያ ያልተንቀጠቀጠው እጄ ነው።

ባለሙያው ካርዱን አንብቦ የኔታን ተቆጣቸው። "አባቴ፣ ወጌሻ ጋ እንዳይሄዱ ለምኜዎት አልነበረም?" እኔ ከጀርባው ቆሜ ፎጣ አጥፋለሁ። ያንኑ አንድ ፎጣ ስንት ጊዜ እንዳጠፍኩና እንደዘረጋሁ አላውቅም። የኔታ ትክ ብለው አዩኝ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

"እጅ ነክቶታል፤ እውነት ነው" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ለምን ዝም አሉ? እኔው ራሴ እንድናገር ጊዜ ሊሰጡኝ ይመስለኛል። ጊዜውንም ሰጡኝ፤ ዓመት በዓመት ላይ ሰጡኝ። ክርኑ እንደዚያው ደርቆ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው በግራ እጃቸው የቀኙን ክንድ ደግፈው ወደ ግንባራቸው ይገፉታል፤ አይደርስም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ግንባራቸውን ወደ ጣታቸው ያመጡት ነበር። እኔ ከሴቶች በኩል ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ እቆማለሁ።

የወጌሻ ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገም። በየኔታ ሰፈር ወጌሻ አያ ፈንቴ ብቻ ናቸው። ቀበሌ ወሬውን ከሆስፒታል ሰምቶ ጠራቸውና ዳግመኛ አጥንት እንዳይነኩ አስፈረማቸው። አልነካሁም ብለው ማሉ። የኔታም ሄደው "እሱ አልነካኝም" አሉ። "ታዲያ ማን ነው?" ሲባሉ ግን መልስ አልሰጡም። ስለዚህ ጎረቤታቸውን ሊሸፍኑ ነው ተባለ። አያ ፈንቴ ቤት በሽተኛ መሄዱ ቀረ።

የኔታ ዓምና አረፉ። በሕይወት ሳሉ ይናገራሉ ብዬ እፈራ ነበር። ካረፉ ወዲህ ከእኔ ሌላ የሚናገር እንደሌለ ገባኝ። ይህኛው ፍርሃት ከፊተኛው ይበልጣል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አያ ፈንቴ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ጠፍቷል። ሰላም ስል በድምፄ አወቁኝ።

"ዘነቡ ነሽ? ነይማ እስቲ። አንቺ ሆስፒታል ነበርሽ። ያን የየኔታን ክርን... ነክቼው ይሆን?"

ጠጋ አልኩ።

"አልነካሁም ብዬ ምያለሁ። አሁን ግን እርጅና ነው፣ የትናንቱንም እረሳለሁ። ሰው ሁሉ ነክተሃል ሲለኝ ኖረ። የኔታ ለእኔ ብለው ዋሽተው እንደሆነስ? በሐሰት ምዬ እንደሆነስ? ለንስሐ አባቴ ነግሬ ስግደት ሰጥተውኛል።" ጉልበታቸውን እያሹ ሳቁ። "የሰው አጥንት ስጠግን ኖሬ በስተርጅና የራሴን ልሰብር ነው። ለመሆኑ ካርዱ ላይ ምን ነበር የተጻፈው?"

"እንጃ፣ አያ ፈንቴ። ቆየ እኮ" አልኩ።

እንጃ አልኩ። ያን ጊዜ ከሥራ መባረር ፈርቼ ነው ልበል። ዛሬስ ምን ፈርቼ ነው? ጡረታዬን ማንም አይነካብኝም። ካርዱም ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተቃጥሎ ይሆናል። ሽማግሌው ግን የእኔን ኃጢአት በራሳቸው ጉልበት እየሰገዱ ነው፤ ያላደረጉትን እንዳደረጉ አምነው ሊሞቱ ነው። መጀመሪያ ስማቸውን ወሰድኩ። አሁን ደግሞ ስለ ራሳቸው የሚያውቁትን ወሰድኩባቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ሲወስደኝ ጭራሮው ይሰበራል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ይቅር ብለንሻል አትበሉኝ። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ከበደልኳቸው አንዱ አፈር ለብሰዋል። አያ ፈንቴ ይህን ወረቀት ማንበብ አይችሉም። ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ልሰጥ አስቤ ነበር፤ እሱም ሽሽት ነው። በመጪው እሑድ አጥሩ ሥር አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴ አነብላቸዋለሁ። የነካሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። መነጽር አዘጋጅቻለሁ። ሌላ ሰው መስዬ ላነብላቸው አልችልም። ድምፄን ያውቁታል።