የእሑድ ሳህኖች

ታንኳዬ ትንሽ ናት፣ ማዕበሉ ያውቃታል፤
ማታ ብወጣባት፣ ንጋት ይመልሳታል፤
የሰው መርከብ ትልቅ…

እዚህ ላይ ስትደርስ ዜማው ይቀጥላል፣ ቃሉ ይጠፋል። ሎሳ ይህን ዘፈን የለመደችው በልጅነቷ ሳሞአ ሳለች፣ እናቷ ምንጣፍ እየሠራች ስታንጎራጉር ሰምታ ነው። ምንጣፉ ባሕር ተሻግሮ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ገባ፤ የዘፈኑ ጫፍ ግን መንገድ ላይ ቀረ። በመዘምራኑ መካከል ከጎኗ የምቆመው እኔ ስንት ጊዜ፣ "አንቺ ሴት፣ ጨርሺውና ይውጣልን" ብያታለሁ። ፈገግ ትልና እንደገና ከታንኳዋ ትጀምራለች።

ቤቷ ማንጌሬ በሚባለው የኦክላንድ ሰፈር፣ አውሮፕላን ጣሪያ ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ያለው የእንጨት ቤት፣ ከጎኑ ጋራዥ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋራዡ ተጠርጎ የእናቷ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ጎደሬው፣ ዓሣው፣ በኮኮናት ወተት የበሰለው የጎደሬ ቅጠል ይቀርባል። በእኛ በሳሞአዎች ወግ ያቀረበ ሰው በመጨረሻ ይበላል። ሎሳ ግን ወጉን አክርራ ይዛዋለች፤ የሷ ሳህን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሌላው ጠግቦ ሲነሳ እሷ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ ከድስቱ ጥግ የቀረውን በጣቷ ታነሳለች።

ይህም ምሳ ቢሆን ዘግይቶ የመጣ ነው። የቤቱ የባንክ ዕዳ እስኪያልቅ ድረስ ሎሳ እሑድን የምታሳልፈው ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያሰናዳ ወጥ ቤት ነበር። እኛ ስንዘምር እሷ ሰማይ ላይ ለሚበላ ሰው ሳህን ትደረድራለች። ዕዳው ተከፍሎ አለቀና የእሑዱን ፈረቃ ተወችው። በሚቀጥለው እሑድ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ ስትል፣ ለዓመታት ከጎኔ ክፍት የነበረው ቦታ ሞላ። ያን ቀን መዝሙሩን መጨረስ አቅቶኝ ነበር።

በዚህ ክረምት ልጇ ቴዊላ ኮረብታ ላይ የሚሸጥ ቤት ወሬ ይዛ መጣች። ቴዊላ ከባሏ ከሴፎና ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት የኪራይ ቤት ግድግዳው ያልበዋል፣ ጥግ ጥጉ ሻጋታ ነው። ትንሿ ታሲ ሳሏ ሌሊቱን አያስተኛትም።

"እማዬ፣ ይኼን ቤት እንሽጠውና ገንዘቡን ለቅድሚያ ክፍያ እናድርገው። የቀረውን ባንክ ያበድረናል። አምስት መኝታ አለው፤ ደረቅ፣ ሞቃት። ሁላችንም አንድ ላይ እንገባለን።"

"ባንኩም አብሮን ይገባል?" አለ አባቷ ፔኒያሚና።

"አባዬ፣ ቀልዱን ተወው።"

"አይ፣ የትኛውን መኝታ እንደሚወስድ ለማወቅ ነው።"

ቅዳሜ ቤቱን ሊያዩ ሄዱ፤ እኔንም አስከተሉኝ። ሁላችንም ጫማችንን በሩ ላይ አውልቀን ገባን። ደላላው የጫማውን ክምር አይቶ ገዢ የበዛ መስሎት ደስ አለው። ሴፎ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ልጆቹ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ታሲ እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ አላሳለችም። ያንን ሁላችንም ልብ ብለናል።

ሎሳ ፎቅ ላይ መስኮት ጋ ቆማ ቀረች። የማኑካው ባሕር ከታች ተዘርግቷል፤ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ብር ይመስላል፣ ወፎቹ በላዩ ይራመዳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ከባሕሩ አጠገብ ኖራ፣ ከቤቷ ሆና አይታው አታውቅም። ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። የሰው መርከብ ትልቅ…

"ሽንት ቤቱ ሦስት ነው!" ብሎ ፔኒያሚና ከኋላዋ ስንኙን ሞላላት።

ሳቀች። ዓይኗን ግን ከባሕሩ አላነሳችም። መኪናው ተነስቶ ጥሩምባ ሲነፋ ነው የወረደችው።

በማግስቱ ከጸሎት በፊት መጎናጸፊያዋን እያስተካከልኩላት፣ "እንዴት ነው ነገሩ?" አልኳት።

"መስኮቱ ልቤን ወሰደው" አለችኝ።

ከጸሎት በኋላ እንደወትሮው ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሎሳ ሳህኖቹን ደረደረች፣ ምግቡን አቀረበች፣ ፔኒያሚና ጸሎት አደረሰ። ያን ጊዜ ቴዊላ የባንኩን መልስ ተናገረች።

"እሺ ብለዋል። አንቺ ወደ እሑዱ ሥራ ከተመለስሽ፣ አባዬም ሊወጣ ያሰበውን ጡረታ ትቶ መጋዘን መጠበቁን ከቀጠለ ነው። እኔ የሳምንቱን መጨረሻ ፈረቃ እይዛለሁ። ሴፎ የሌሊቱን እንደያዘ ነው።"

"እስከ መቼ?" አለ ፔኒያሚና።

"ታሲ እስክታድግ።"

ታሲ ጎደሬዋን በሁለት እጇ ይዛ ትልሳለች። ገና አራት ዓመት አልሞላትም።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ይገባል" አለች ቴዊላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቺም እንደ ሰው ተቀምጠሽ ትበያለሽ።"

ሎሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። "በሉ እንግዲህ ገብተናል እንበል። ዛሬ እሑድ ነው፣ ኮረብታው ላይ ነን።" ጎንበስ ብላ የሴፎን ሳህን አነሳች። "ሴፎ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቷል።" የቴዊላን አነሳች። "አንቺ ፈረቃ ላይ ነሽ።"

"እኔስ?" አለ ፔኒያሚና፣ ሳህኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ።

"አንተ መጋዘን በር ላይ ነህ። አምጣ።"

"ጉርሻዬን ልዋጥ እንጂ፣ አንቺ።"

ወደ እኔ ዞረች። "እነሱ ከሌሉ አንቺስ ማን ጋ ትመጫለሽ?"

"ዓሣዬ ሳይቀዘቅዝ መልሺልኝ ብቻ" ብዬ ሰጠኋት።

ሰፊው ምንጣፍ ላይ የሦስቱ ልጆች ሳህን ብቻ ቀረ።

"እኔም የአውሮፕላኑ ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ" አለች ሎሳ። "ታዲያ ለእነዚህ የሚያቀርብላቸው ማን ነው?"

"እኔ" አለች ትልቋ ፊያ፣ ጥያቄው ለሷ የቀረበ መስሏት። የሰው ፊት አየችና እጇን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች።

ማንም አልሳቀም።

"የታሲስ ሳል?" አለች ቴዊላ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እኔ እኮ ለቅንጦት አላልኩም።"

"አውቃለሁ ልጄ። እዚህ ግቡ። በዚህ ሳምንት ግቡ። ቤቱ ትንሽ ነው፣ ደረቅ ነው። ሁለቱን መኝታ እናንተ ውሰዱ፤ እኛ እዚህ ጋራዡ ውስጥ እንተኛለን። አባትሽ ግድግዳውን በጣውላ ያለብሰዋል።"

"መቼ ነው ያልኩት?" አለ ፔኒያሚና።

"አሁን።"

"እሺ፣ ብያለሁ።"

"ታዲያ የእሑዱ ምሳ የት ሊሆን ነው?" አለ ሴፎ።

"እዚሁ። ምንጣፍ እኮ ይጠቀለላል። ማታ እንተኛበታለን፣ ቀን እንበላበታለን።"

"ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው" አለ ፔኒያሚና። "ከዛሬ ጀምራችሁ ሰልፍ ተለማመዱ።"

ሴፎ ሳቀ፤ ልጆቹም ተከተሉት። ቴዊላ ግን እናቷን ነበር የምታየው። "መስኮቱን ወደሽው ነበር። አይቼሻለሁ።"

"ወድጄዋለሁ" አለች ሎሳ። የሰበሰበቻቸውን ሳህኖች እንዳቀፈች ቆማለች። "ዛሬም እወደዋለሁ። ይቅር።"

ቴዊላ ተነስታ ሳህኖቹን ከእናቷ እጅ ተቀበለቻት። የአባቷን፣ የባሏን፣ የኔን፣ የራሷን በየቦታው መለሰች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ሌላ ሳህን ይዛ መጣች፣ በራሷና በአባቷ መካከል አኖረችው። ከዓሣው የሆዱን ሥጋ፣ ከጎደሬው ለስላሳውን መርጣ አወጣችበት።

"ተቀመጪ፣ እማዬ።"

"ውኃ ላምጣና።"

"ፊያ አምጥታለች።"

"ጨው…"

"ጨው አለ።"

ሎሳ ዙሪያውን ተመለከተች። የሚነሳ፣ የሚጨመር አልነበረም። ፔኒያሚና ፈቀቅ አለላት። ቀሚሷን ሰብስባ እናቷ በሠራችው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን አጠፈች፤ ጎደሬውን ቆርሳ የኮኮናቱ ወተት ውስጥ ነከረችው።

አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ሳህኖቹ ትንሽ ተንቀጠቀጡ። ዘፈኗን ትጀምራለች ብዬ ጠበቅሁ። አፏ ግን ሙሉ ነበር።