ለጾም የታጠበው ታንክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ደምሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ ታጨሻለሽ ወይ። አላጨስም አልኩት። የሚያጨስ ሰው አፍንጫው ሞቷል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም አለና በዚያው ቀጠረኝ። ወዲያው ከኋላ ወዳለው ማጠቢያ ወስዶ አንድ ሳህን ሙሉ የቆሸሸ ታንክ አስረከበኝ።

የቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ሱቁ ሀበሻ በሚበዛበት የፌርፋክስ መንገድ ላይ ነበር፤ በአንድ በኩል ምግብ ቤት፣ በሌላው የእትዬ ዘነቡ ፀጉር ቤት። ጋሼ ደምሴ ዕድሜውን በፓርኪንግ ሥራ ጨርሶ በስተርጅና ነው ሱቅ የከፈተው። በሕይወቱ አንድ ሲጋራ አፉ ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። አባቱ መርካቶ ቅቤ ነጋዴ ስለነበሩ ያደገው ቅቤ እያሸተተ ነው። ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ሙዝ ከተቀላቀለበት ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። ያጠብነው ታንክ ሁሉ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት በዚህ አፍንጫ ሥር ያልፋል።

እኔ ሃይስኩል ጨርሼ ሁለት ሥራ ሞክሬ ነበር። ከአንደኛው ተባረርኩ፣ ሁለተኛው ሰለቸኝ። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አልሆንልሽ ይለኛል። ከኮሪያታውን በአውቶቡስ ስመጣ እንኳ ወንበር እያለ ቆሜ ነው የምመጣው።

ሥራው እንዲህ ነው። ታንክ ማለት ጁሱ፣ ጣዕም ያለው የሚጨሰው ፈሳሽ፣ የሚቀመጥባት ትንሽ ብርጭቆ ናት። ውስጧ ኮይል አለ፤ ኮይል ሽቦና ጥጥ ነው፣ በብረት ቆብ የተሸፈነ። ጥጡ ጁሱን ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ጭሱ ይወጣል። እንዳያፈስ ደግሞ ከላይና ከታች ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች አሉ። ችግር የሚመጣው ደንበኛ ፍሌቨሩን፣ ጣዕሙን፣ መቀየር ሲፈልግ ነው። ሳይታጠብ እንጆሪ ላይ ሚንት ከጨመራችሁበት የሚወጣው የልጆች የጥርስ ሳሙና ነው።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ማዕረግ ነበር፤ ከታች ማጠቢያው፣ ከፍ ሲል ካውንተሩ፣ ከሁሉ በላይ የጋሼ ደምሴ አፍንጫ።

በሁለተኛው ቀን ኮይሎቹን በዕቃ ሳሙና ዘፈዘፍኳቸው፤ ሎሚ ሎሚ በሚለው። በሳሙና አትጠቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ ደምሴን ደግሞ ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር። ከክሬንሾው ሰፈር የሚመጣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ታንኩን ተቀብሎ አንዴ ሳበና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በትሕትና፣ ልጅ ሆኖ ሲሳደብ እናቱ አፉን ያጠበችበትን ሳሙና እንዳስታወሰው ነገረን። ጋሼ ደምሴ አዲስ ኮይል በነፃ ሰጥቶ ሸኘውና አንድ ጣቱን አነሳብኝ።

«አንድ» አለ። «ሦስት ላይ ወደ ቤትሽ።»

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ኮይል በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ቮድካ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንደገና በሙቅ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይራገፋል፣ ከዚያ ደህና አድርጎ ይደርቃል፤ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን። ሲደርቅ ጥጡ ላይ ጥቂት ጠብታ ጁስ ይደረግበታል። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቮድካው ጠርሙስ ላይ «ለሥራ ብቻ» ብሎ ጽፎበታል፤ የጎረቤት አስተናጋጆች ግን ሥራችን ምን ያህል እንደሚጨርስ በየጊዜው ይጠይቁን ነበር።

እኔን የገደለኝ አሥሩ ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ምን ላይ ላፍጥጥ? አንድ ቀን በሁለት ደቂቃ ሰጠሁ። ጥጡ ገና ስላልጠጣ ደረቁን ነደደ። የሳበችው ልጅ አስላ አስላ ስትጨርስ፣ ያረረ ሽሮ ነው ያጨሳችሁኝ ብላ ምላሷን አውጥታ አሳየችን። ጋሼ ደምሴ ሁለተኛውን ጣት ብቻ አነሳ።

እንዲህ ሆኜ ነው የቅበላው እሑድ የደረሰው። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተካ መጣ። ኤርፖርት የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲጋራ አጭሶ በቬፕ ያቆመ። ሁልጊዜ አንድ ጣዕም ብቻ ነው የሚወስደው፤ ክሬም ካራሜል። ታንኩን ከነማሽኑ ካውንተሩ ላይ አስቀመጠ።

«ነገ ሁዳዴ ይገባል» አለ። «ይቺን የጾም አድርጊልኝ።»

«ጋሼ ተካ፣ እዚህ ውስጥ ወተት የለም። ኬሚካል ነው።»

«ኬሚካሉ ምን ምን ይላል?»

«ክሬም ካራሜል።»

«ክሬም ካራሜል ከምን ይሠራል?»

«ከወተትና ከእንቁላል።»

«እኮ።»

እኔ ነገር በሆዴ አይቀመጥም። መጀመሪያ ነገር በጾም ቬፕ ማድረግ ራሱ ይፈቀዳል ወይ አልኩት። አልተቆጣም።

«እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እየተጨቃጨቅንበት ነው» አለ። «አንድ ኃጢአት ይዤ ቆሜያለሁ። አንቺ ላዩ ላይ ወተት አታፍሺበት።»

ከዚያ ነገሩን በሙሉ ነገረኝ። ባለፈው ሁዳዴ ክሬም ካራሜሉን ለጾሙ ብሎ አስቀመጠው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሲጋራ ገዛ። የትምባሆ ጣዕም ያለው ጁስም ሞክሮ ነበር፤ እሱ ጭራሽ ወደ ሲጋራው መራው። ልጁ መኪናው ውስጥ ሽታውን ስታገኘው የሁለት ዓመት ልጇን ዳግመኛ አላሳፍርልህም አለችው። ያስታረቃቸው ይኼ ማሽን ነው፤ የገዛችለትም ልጁ ናት። ነገ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጁን ከዴይኬር የሚያወጣት እሱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሲወጣ የሀባብ ጣዕም የተሞላ፣ ወተት ወተት የማይል ታንክ ይፈልጋል።

አዲስ ግዛ አልኩት። ለዚያ ማሽን የሚሆን ታንክም ኮይልም ሱቅ ውስጥ አልነበረም፤ ያዘዝነው ሐሙስ ነው የሚደርሰው። ሌላ ማሽን ግዛ አልኩት። ልጁ የሰጠችውን አስቀምጦ ሌላ ይዞ ቢገኝ ምን እንደምትለው ላስረዳሽ ብሎ ሲጀምር በቃ ተወው አልኩት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌ ቀደመኝ፤ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ናና ውሰድ አልኩ።

ጋሼ ደምሴ ኮቱን እየለበሰ ነበር፤ ቅበላ ተጠርቷል። ጠዋት አይደርስም፣ እጠቢውና መስኮት ላይ ተይው፣ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይውሰድ ብሎኝ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ሄደ።

ታንኩን ፈታሁት። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ኮይሉን ቮድካ ውስጥ አቆየሁት፤ ቡና ቡና የሚመስል ነገር እየለቀቀ ወጣ። አሸተትኩት፤ ኮይሉ ንጹሕ ነው። ገጣጥሜ አሸተትኩት፤ ክሬም ካራሜል። እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና አጠብኩ፣ ገጠምኩ፤ ክሬም ካራሜል። በሦስተኛው ነው የገባኝ። ጎማዎቹ ናቸው። ጎማ የያዘውን ሽታ አይለቅም። አወጣሁና በአዲስ ቀየርኳቸው፤ ወተቱ ጠፋ። በሥራዬ ያን ያህል የኮራሁበት ጊዜ አልነበረም።

የቀረው ማድረቅ ብቻ ነው። መስኮት ላይ አስቀምጬ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ አንስቼ ወደ እትዬ ዘነቡ ፀጉር ቤት ሄድኩ፤ እዚያ የፀጉር ማድረቂያ ሞልቷል።

እትዬ ዘነቡ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር እየሠራች ነበር። ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የጆሮ ጌጥ ይመስላል አለች፤ ጥንድ ቢሆን እገዛው ነበር። ማድረቂያውን ከፍቼ ኮይሉን በሁለት ጣቴ ስይዝ ስለሚያቃጥለኝ ከእጄ ወደ እጄ እገላብጠዋለሁ።

«አምጪው ወዲህ» አለች። «የኔ እጅ ሃያ ዓመት የጋለ የፀጉር ካስክ ሲያወጣ ሲያገባ ደንዝዟል።»

ኮይሉን ይዛልኝ፣ እያዞረችልኝ፣ በአምስት ደቂቃ ደረቀ። መርቄያት ተመለስኩ። ሀባቡን ሞላሁ፣ ያን ቀን አሥሩንም ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ታንኩን ጋሼ ደምሴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ተካ ከሁላችን ቀድሞ በሩ ላይ ቆሟል። መኪናውን ፊት ለፊት ፓርክ አድርጓል፤ ከኋላ የሕፃን ወንበሩ ይታያል። ጋሼ ደምሴ ታንኩን አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አንዴ። ሁለቴ።

«ወተቱ ወጥቷል» አለ።

«አዎ፣ ጎማዎቹን ቀይሬ ነው።»

«ቅቤ ገብቷል።»

ጠጋ ብዬ እኔም አሸተትኩት።

«ለጋ ነው» አለ። «ጥሩ ቅቤ ነው። ከየት ነው ያመጣሽው?»

ያኔ ነው የሴትዮዋ ፀጉር ትዝ ያለኝ። ቅቤ ተቀብታ ነበር። ቀቢዋ እትዬ ዘነቡ ናት። በዚያው እጇ ነው ኮይሉን የያዘችልኝ። ጋሼ ደምሴ ሦስተኛውን ጣቱን አነሳ።

ጋሼ ተካ ከካውንተሩ ማዶ ነው፤ አልሰማንም። ታንኩን ብሰጠው ኖሮ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር፤ አፍንጫው የሠላሳ ዓመት አጫሽ አፍንጫ ነው። ግን ዓይኑን እያየሁ አልሆነልኝም።

«ጋሼ ተካ፣ ወተቱን አውጥቼ ቅቤ አስገብቼብሃለሁ።»

ወደ ታንኩ ጎንበስ አለ።

«እንቁላሉስ?» አለ።

«እንቁላሉ ወጥቷል።»

ጋሼ ደምሴ ኮይሉን አውጥቶ በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው። ቅቤው ከውጭ ብረቱን እንጂ ጥጡን አልነካም፤ ጥጡን ነክቶ ቢሆን ይጣል ነበር አለ። እንደገና ሙቅ ውሃ፣ ቮድካ፣ ሙቅ ውሃ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያለበት ቦታ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ አስቀመጠው። ኮይሉ እስኪደርቅ ትቆያለሽ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ አለኝ። እንዲህ ያለ ስንብት ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ተካ ደግሞ ሥራ አልሄደም። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ከሆንኩ ሲጋራ እገዛለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ አለ። ወንበር ስቦ ኮይሉ ፊት ተቀመጠ፤ ስጥ የተሰጣ ይመስል። ዶሮ ብቻ ነው የጎደለው። በገባ በወጣው ደንበኛ ላይ ጨርቁን እንዳትነካ እያለ ይጮኻል። እሱና ጋሼ ደምሴ ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» እየተባባሉ ተሰዳደቡ። እርስዎ ከቅበላው ዶሮ ይልቅ ሱቅዎን ቢጠብቁ ኖሮ ይላል አንዱ። እርስዎ ያችን ሲጋራ ድሮ ባይጀምሩ ኖሮ ይላል ሌላው።

እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ተካ ተነሳና ንፋስ ልቀበል አለ። ንፋሱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ መንገዱን ተሻግሮ ሲጋራ የሚሸጠው ሱቅ ነው። በሩ ላይ ቀደምኩት።

«ስጡን ለማን ትተህ?» አልኩት።

«አንቺ አለሽ።»

«እኔ የተባረርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ላይ ለብቻዬ ከተውከኝ አሁኑኑ እትዬ ዘነቡ ጋ ነው የምወስደው።»

አየኝ። ከዚያ መኪናውን አየ፣ የሕፃን ወንበሩን። ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ሌላ ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንዳወራን አላስታውስም፤ ብዙውን ሰዓት ኮይሉን ነበር የምናየው። በሕይወቴ ያን ያህል ሰዓት ሳልነሳ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሽንቴ እንኳ ሲመጣ ለጋሼ ተካ አስፈቅጄ ነው የሄድኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ደምሴ መጥቶ አሸተተ። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጥጡ ላይ ሀባቡን አንጠበጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ ሞላሁ። አሥር ደቂቃ። ሦስታችንም የግድግዳውን ሰዓት አየን።

ጋሼ ተካ ሳበ፣ ያዘ፣ ለቀቀ።

«ሀባብ ነው» አለ።

«ሌላስ?» አለ ጋሼ ደምሴ።

«ሌላ የለም።»

ማሽኑን ኪሱ ከቶ ወደ ዴይኬር ሄደ። ጋሼ ደምሴ ወደ ኋላ ገብቶ አንድ ሳህን የቆሸሸ ታንክ ይዞ ወጣና ፊቴ አስቀመጠ። ኮይሉ ደርቋል፣ ልሂድ ወይ አልኩት። ለነገ ይድረስ አለ። ስለ ሦስተኛው ጣት ከዚያ ወዲህ የተነሳ ነገር የለም።

በኋላ ጣዕም ያለው ጁስ መሸጥ በሕግ ተከለከለና ሀባቡም ክሬም ካራሜሉም ከመደርደሪያው ወረዱ። ጋሼ ተካ ከዚያ በፊት ማሽኑንም ትቶት ነበር። ሱቁ አሁን ስልክ ይጠግናል። ጋሼ ደምሴ ባትሪ ያሸታል፣ እኔ ውሃ የገባበትን ስልክ ፈትቼ አደርቃለሁ። ባለስልኮቹ ሁሉ ይቸኩላሉ፤ እኔ ወንበር እሰጣቸዋለሁ።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው ይህን ብቻ ነው። ያጠብከውን ነገር እስኪደርቅ ጠብቀው። መጠበቅ ካልቻልክ ለደንበኛው አልደረሰም በለው። ፀጉር ቤት አትውሰደው።